ሞምባሳን ሳልረግጥ

የበደለኝ ሰው ሙሉነህ ይባላል። የበደለኝ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ በነበረው የጉዞ ቢሮው ውስጥ ነው። ሦስት ደንበኞች ተራ እየጠበቁ ተቀምጠው ነበር። ሦስቱም ዛሬ በሕይወት አሉ፤ የሚጠራጠር ይጠይቃቸው። ያኔ አቶ ሙሉነህ እለው ነበር። አሁን ጡረታ ስለወጣሁ አቶውን ትቼዋለሁ።

ባለፈው ሰኔ ሥራ ሳቆም የሰፈራችን ልጆች፣ “እትዬ የሺ፣ የሥራ ዘመንዎን ይጻፉልን፤ ግን ጥሩ ጥሩውን” አሉኝ። ጥሩው ብዙ ስለሆነ መጻፉ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከመጥፎው ካልጀመርኩ መሀል ላይ ስደርስ አዝንለትና እተወዋለሁ። ራሴን አውቃለሁ።

ሥራዬ ይህ ነበር፦ ለሃያ ሦስት ዓመት፣ በሁለት ቢሮዎች፣ ቶሮንቶ ተቀምጬ ለሰው ሞምባሳ ላይ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ እነግር ነበር። ቲኬትም እቆርጥ ነበር፤ ቲኬት ግን ማንም ይቆርጣል።

ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳሁ። ጉልበቴን የተውኩት እዚያ ነው። ከዚያ ሥራ ያገኘሁት አንድ ነገር ቢኖር ክፍል ማየት ነው። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ መስኮቱን ያያል። እኔ በሩን ዘግቼ ከበሩ ጀርባ ያለውን አያለሁ። ሰነፍ ያጸዳው ክፍል ከበሩ ጀርባ ያስታውቃል፤ አቧራው ክፍት በር ሸፍኖት ይከርማል። ሙሉነህ ሲቀጥረኝ ግራ ጉልበቴ አብጦ ነበር። “ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው ሥራ አለኝ” አለኝ። ያንን ቃሉን አልክድም። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ወንበሩ ግን ወንበር ነበር።

ሰው ለምን ሞምባሳ ይሄዳል ለሚል፣ ነገሩ ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ አገር ቤት መግባት የማይችሉ፣ ወይም እችላለሁ ብለው የማያምኑ ነበሩ። ኬንያ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ይገባል። ስለዚህ ልጅ ከቶሮንቶ፣ እናት ከአገር ቤት ተነሥተው ኬንያ ይገናኛሉ። ናይሮቢ ወከባ ናት፤ ለሽማግሌም ትበርዳለች። ሞምባሳ ባሕር አላት። ባሕር አይተው የማያውቁ እናቶች ስንት ነበሩ! “ባሕር ዳር ላይ እንገናኝ” ሲባሉ ከደስታቸው ብዛት ጉልበታቸውን ይረሱታል። የእነሱን ጉልበት ማስታወስ የኔ ሥራ ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ ሙሉነህ አይደለም። ያስተማሩኝ ሚስተር ሺራዝ ናቸው። በፍሌሚንግደን ፓርክ በምኖርበት ሕንፃ፣ ከኔ ሦስት ፎቅ በላይ ይኖሩ ነበር። ተወልደው ያደጉት ሞምባሳ ነው፤ በአሮጌው ከተማ አጠገብ ባለ ሆቴል ሠላሳ ዓመት እንግዳ ተቀብለዋል። የተዋወቅነው ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ጋ ነው። የአልጋ ልብሴን ሳጣጥፍ አይተው፣ “ሆቴል ሠርተሻል” አሉኝ። “እርስዎም ካላወቁ አይናገሩም” አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ዝንጅብል ያለበት ሻይ በወተት አፍልተው ይጠሩኛል፤ እኔ ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ።

“ሆቴል አይመከርም” ይሉኝ ነበር። “የሚመከረው የወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው ከለቀቀ ሆቴሉም ለቋል ማለት ነው።”

ሚስተር ሺራዝ ስልክ ሲደውሉ ሥራ አስኪያጅ አያናግሩም ነበር። ወጥ ቤቱን ነው የሚጠይቁት። የሚደውሉትም ቶሮንቶ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው፤ ክረምት ላይ ያ ሰዓት ለሞምባሳ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ምሳ አልቆ እራት ያልተጀመረበት፣ የወጥ ቤት ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሩን የሚያሳርፍበት ሰዓት። ያን ጊዜ የተጠየቀ ሰው እውነቱን ይናገራል። ጥያቄዎቻቸው ሦስት ነበሩ። የሚያበስለው ማነው? ውሃው ከየት ይመጣል? ደረጃው ስንት ነው? “ንጹሕ ነው ወይ?” ብለው ጠይቀው አያውቁም። “ንጹሕ አይደለም የሚል ማን አለ?” ይላሉ።

ሌላው ልማዳቸው በእርሳስ መጻፍ ነው። አንድ ቀን በእስክሪብቶ ስጽፍ አይተው እጄን ያዙኝ።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“አድራሻውን እየጻፍኩ።”

“ይህ ሰውዬ የሚጠብሰው ዓሣ እስከ መቼ ጥሩ ይሆናል?”

“እኔ ምን አውቄ?”

“ታዲያ ለዘላለም የጻፍሽለት ለምንድን ነው?” ብለው እርሳስ ሰጡኝ።

ያ ደብተር በስድስት ዓመት ውስጥ ወፈረ። ለአሮጊት እናት የሚሆነው ማረፊያ ከተማው ያለበት ደሴት ላይ፣ ከከተማው ሳይወጡ፣ ፎቁ ከአንድ ያልበለጠ፣ መስኮቱ ወደ ባሕር የሆነ እንደሆነ ጻፍኩ። በስተ ሰሜን ከድልድዩ ማዶ ያሉት የባሕር ዳር ሆቴሎች ለሙሽሮች ናቸው፤ እናት እዚያ ብትወሰድ በዋና ልብስ መሀል ነጠላዋን ተከናንባ ቀኑን ሙሉ ክፍሏ ውስጥ ትውላለች። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ ማራገቢያውን ያዞራል ወይስ አምፖሉን ብቻ ያበራል ብላችሁ ጠይቁ ብዬ ጻፍኩ። ለአጎበር ቀዳዳ መርፌና ክር ያዙ አልኩ። ዓሣ ከቀትር በፊት ይታዘዝ አልኩ፤ ጠዋት የወጣ ዓሣ ማታ ድረስ ፀሐይ ይጠጣል። አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባሕር ዳሩ መንገድ ላይ ሴቶች ካሳቫ የሚባል ሥር እየጠበሱ በሚጥሚጣና በሎሚ እንደሚሸጡ፣ እሱን ቆሞ መብላት ነውር እንዳልሆነ ጻፍኩ።

ከጉዞ የተመለሰ ሰው ሁሉ በኔ በኩል ሳያልፍ አይሄድም ነበር። “ጥሩ ነበር?” ብዬ ግን አልጠይቅም። የኛ ሰው ጥሩ ነበር ይላል፤ ከወባ ጋር ቢመለስም እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እኔ የምጠይቀው፣ “በመጨረሻው ቀን የት በላችሁ?” ብዬ ነው። በመጀመሪያው ቀን የበሉበት ቦታ ከሆነ ወደው ተመልሰዋል ማለት ነው፤ እርሳሱን አነሣለሁ።

የጾሙን ነገር በተለይ ተጨንቄበታለሁ። እዚያ ጠዋት ጠዋት አተር የመሰለ እህል በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ ከጣፋጭ ብስኩት ጋር ይበላል። ለረቡዕና ለዓርብ እንደሱ ያለ የለም። ነገር ግን “ወተት” የሚለውን ስም የሰሙ እናቶች አይነኩትም። አንዷ ቢሮ መጥተው ተሟገቱኝ።

“ወተት አይደለም እንዴ የሚሉት?”

“የዛፍ ነው፣ እማማ።”

“ዛፍ ታልቦ ያውቃል?”

“ኑግ ሲወቀጥ ምን ይወጣዋል?”

“ነጭ ውሃ።”

“እሱም እንደዚያው ነው።”

“እንግዲያ ስሙን የኮኮናት ኑግ በይው” ብለው ሄዱ። እንደዚያው ብዬ ጻፍኩት። ስለ ጾም ብቻ ሁለት ገጽ ሞላሁ።

አሁን ሰው የማያውቀውን ልናገር። ይህን ሁሉ ስጽፍ ሞምባሳን ረግጫት አላውቅም። በመጀመሪያ ገንዘብ አልነበረኝም። ቀጥሎ ወንድሞቼን ማስተማር መጣ። ቀጥሎ ጉልበቴ። በመጨረሻ ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ፤ ብሄድና የጻፍኩት ሁሉ ሌላ ሆኖ ባገኘውስ? ሄጃለሁ ብዬ ዋሽቼ አላውቅም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ማንም እንዳይጠይቀኝ አድርጌ ነው የምናገረው። የሚያውቁት ሚስተር ሺራዝና ሙሉነህ ብቻ ነበሩ።

በሰባተኛው ዓመት ሙሉነህ ደብተሬን ለሁለት ቀን ተዋሰኝ። በወሩ ትንሽ መጽሐፍ ሆኖ ታትሞ መጣ። ሽፋኑ ላይ ባሕር፣ ከባሕሩ በታች የሙሉነህ ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ በታች “አዘጋጅ፦ ሙሉነህ” ይላል። ለደንበኛ ሁሉ በነፃ ይሰጥ ነበር። “የቢሮው ሥራ እኮ ነው፣ የሺ፤ የኔና ያንቺ ምን አለው?” አለኝ። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ፣ “ጋሽ ሙሉነህ፣ መጽሐፍዎ እናቴን አሳረፈልኝ” ሲለው እሱ ደረቱ ላይ እጁን ያደርጋል። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ሁለት ዓመት ጫማዬን አየሁ።

ከዚያ ታደሰ መጣ። ታደሰ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ፣ ክሬሰንት ታውን የሚኖር ጨዋ ልጅ ነው። እናቱን ወይዘሮ አስካለን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አላያቸውም። “እትዬ የሺ፣ አሥራ አራት ቀን ነው ቫኬሽን የሰጡኝ። አንድም ቀን እንዳይበላሽብኝ” አለኝ። ወይዘሮ አስካለ የደሴ ሰው ናቸው፤ እኔም የደሴ ልጅ ነኝ። ስለዚህ እንደ ራሴ እናት አድርጌ አዘጋጀሁላቸው። ማረፊያው ማማ ራሔል የምትባል ሴት ቁርስ የምትሠራበት ትንሽ ቤት ነው። ማማ ራሔልን በስልክ ስምንት ዓመት አውቃታለሁ። ከምድር እስከ ክፍሉ ደረጃው አሥራ ስምንት ነው፣ መሀል ላይ ማረፊያ አለው። ለምሳና ለእራት በአሮጌው ከተማ አንድ ቤት ጻፍኩላቸው፤ የፍየል ሥጋ ያለበት ፒላው ሩዝ የሚሠራ፣ ሦስት ሰዎች በመጨረሻው ቀናቸው ተመልሰው የበሉበት። ወቅቱ ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ፍስክ ነው። የሚያሳስበኝ ነገር አልነበረም።

በሰባተኛው ቀን፣ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስልኩ ጮኸ። ሙሉነህ ደንበኛ ሲኖር ስልኩን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ያነሣል።

“ሃሎ! የሞምባሳው ሰው! ባሕሩ እንዴት ነው?”

“ባሕሩን ይተውት፣ ጋሽ ሙሉነህ” አለ ታደሰ። ድምፁ የሌላ ሰው መስሎ ነበር። “እማዬ አራት ቀኗ ነው ምግብ ከተወች። ሙዝና ደረቅ ዳቦ ብቻ ነው። ወደ ቤቴ መልሰኝ እያለች ነው።”

“ታመሙ እንዴ?”

“አልታመመችም። በሁለተኛው ቀን መጽሐፉ ላይ ያለው ቤት ወሰድኳት፤ ሥጋውን ወደደችው፣ ደገመች። በሦስተኛው ቀን ያበሰለው ሰውዬ ቆቡን አድርጎ መስጊድ ሲገባ አየችው። ‘ያረደው ማነው?’ አለችኝ። እኔ ደግሞ ደንቆሮ ነኝ፣ ‘እማዬ፣ ሥጋ ሥጋ ነው’ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ዝም። ሥጋ የነካው ድስት ነው እያለች አተሩንም እምቢ አለች። ሰባት ቀን ነው የቀረኝ፣ ጋሽ ሙሉነህ። ሌላ ጊዜ የላትም እኮ፤ ሰማንያ ሊሞላት ነው። መጽሐፉን ያዘጋጁት እርስዎ ነዎት፤ ምነው ይህን ሳይነግሩን?”

ደሴ ያደገ ሰው ይህን እንዴት ይስታል? በኛ አገር ሠርግ ሲደገስ ዳስ ሁለት ነው፣ ቢላዋ ሁለት ነው። ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቱ በግ ከነሕይወቱ ሰጥቶ፣ ድስትና እንጨት ጨምሮ፣ “በእጅህ” ይለዋል። ሙስሊሙም ሲደግስ እንደዚያው ነው። ከመከባበር ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ከሱፐርማርኬት በፕላስቲክ የታሸገ ሥጋ እየገዛሁ፣ ሥጋ የሚታረድ ነገር መሆኑን ረስቼ ኖሬአለሁ። ስለ ጾሙ ሁለት ገጽ ጽፌ ስለ ፍስኩ ቢላዋ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ሙሉነህ ሲያሳትም ቆርጦት ነው ብል ደስ ባለኝ። አልቆረጠም። እኔ ነኝ ያልጻፍኩት።

ሙሉነህ ወንበሩን ወደኔ አዞረ። “ስማ ታደሰ፤ እኔ ስሜን ብቻ ነው የሰጠሁት። የጻፈችው የሺ ናት። እሷ ደግሞ እንኳን ቢላዋውን፣ ሞምባሳንም ረግጣ አታውቅም! ከፍሌሚንግደን ፓርክ ሆና ነው የምታወራው።”

ከሦስቱ ደንበኞች አንዷ፣ “እንዴ!” አለች። “በግራ በኩል ያለውን አልጋ ያዢ፣ ነፋሱ በዚያ ነው ያሉኝ እትዬ የሺ፣ ሄደው አያውቁም?”

“ነፋሱስ አልነበረም?” አልኳት።

“ነበር” አለች።

አጠገቧ ያለው ሰው ሳቀ። ሙሉነህም ሳቀ። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበትን፣ እሱ ሁለት ዓመት በስሙ የተመሰገነበትን ሥራ፣ ጥፋት ሲገኝበት በሳቅ መለሰልኝ።

ተነሥቼ ስልኩን ከፊቱ ወሰድኩ። “ታደሰ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሄጄም አላውቅም። እናትህን ግን እስከ ነገ እንዳትመልሳቸው። አንድ ቀን ስጠኝ።”

“ምን ያደርጋሉ?”

“እስካሁን አላውቅም” አልኩት። እውነቴን ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ይጥል ነበር። አውቶቡስ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩና ቀጥታ ወደ ሚስተር ሺራዝ ወጣሁ። አፍሬ ነበር። ሰውዬው ሙስሊም ናቸው፤ በሙስሊም እጅ የታረደ አልበላም ያሉ ሴት አሉብኝ ብዬ ለእሳቸው እንዴት እናገራለሁ? ዞር ዞር ብዬ ሳወራ ሻይውን አስቀመጡና፣ “የሺ፣ ምን ሆነሽ ነው በመስኮት የምትገቢው? በሩ ክፍት ነው” አሉኝ። ነገርኳቸው።

እሳቸው ሳቁ፤ የሳቸው ሳቅ ግን የሙሉነህ ዓይነት አልነበረም። “ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ምን መሰለሽ? ሽንኩርት የማይበላ እንግዳ ነበረኝ። ፀሐይ ከገባች የማይበላ ነበረኝ። ሚስቱ ካልቀመሰችለት የማይበላ ሚኒስትር ነበረኝ። እናትየው ምንም አላጠፉም።”

“እኔ ነኝ ያጠፋሁት።”

“አዎ፣ አንቺ ነሽ” አሉ። አላባበሉኝም፤ ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ የምወዳቸው። “ሦስት ጥያቄ አስተማርኩሽ። አራተኛውን አላስተማርኩሽም። የአገርሽን ሰው የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ አራተኛው ከአንቺ ይመጣል ብዬ ነበር።”

“አሁን መጣ።”

“ዘግይቷል፤ ግን ገና ሰባት ቀን አላቸው። ሴትዮዋ ሥጋውን ነው እምቢ ያሉት ወይስ ቤቱን?”

“ድስቱን ነው የጠሉት።”

“እንግዲያ ምግብ አትፈልጊላቸው። ወጥ ቤት ፈልጊላቸው።”

በማግሥቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማማ ራሔል ጋ ደወልኩ። በርጩማዋ ላይ ነበረች፤ የእፎይታ ድምፅዋን አውቀዋለሁ።

“የላይኞቹ እንግዶችሽ” አልኳት።

“እናትየውን ነው? አለቀሱብኝ እኮ! እንቁላል ብሠራ እጄን ስመው ይመልሱታል። ምን በድያቸው ነው?”

ገለጽኩላት። እሷ ክርስቲያን ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን በቤቷ ሰምታ አታውቅም። “ምን ላድርግ?” አለች።

“ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፤ ነገ ገበያ ሄደሽ ያልተነካ ድስት ግዢ። አዲስ ቢላዋ ግዢ። ዶሮ ከነሕይወቱ። ሽንኩርት ብዙ፣ በጣም ብዙ፤ በዛ ካልሽ በኋላ ሌላ ኪሎ ጨምሪ። ከዚያ ወጥ ቤትሽን ለእናትየው ልቀቂላቸው። በርበሬ ይዘዋል።”

“ዶሮውን ማን ያርደዋል?”

“ልጅየው።”

“ያ መነጽር ያደረገው?” አለችና ድምፅዋ ከስልኩ እስኪርቅ ድረስ ሳቀች።

የሆነውን የሰማሁት ከታደሰና ከማማ ራሔል ነው፤ ወሬያቸው አይለያይም። ታደሰ በዕድሜው ዶሮ አርዶ አያውቅም። ወይዘሮ አስካለ በረንዳ ላይ ቆመው፣ “በስመ አብ በል! አንገቱን ያዝ! አይ፣ የራስህን አይደለም!” ይሉታል። ዶሮው ከእጁ አምልጦ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ። የያዘላቸው የቤቱ ዘበኛ ነው፤ ሙስሊም ነው። እግሩን ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ “እኔ ብሆን በአንድ ምት ነበር፤ ግን የናንተ ነው፣ በርታ” አለው። ታደሰ ዓይኑን ጨፍኖ ቆረጠ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሽንኩርት ተቁላላ። ቤቱ ውስጥ ያደሩ ጀርመኖች ደጋግመው ወርደው ምን እንደሆነ ጠየቁ።

በበነጋው ታደሰ ቢሮ ደወለ። “እማዬ እርስዎን ትፈልጋለች” አለኝ። ሙሉነህ ስልኩን ለሁሉም ሊያሰማው ሲል እጄን አስቀደምኩት።

“አንቺ ነሽ የሺ?” አሉኝ ወይዘሮ አስካለ።

“እኔ ነኝ፣ እማማ።”

“ደረጃው ለጉልበቴ የተሠራ ነው። መሀል ላይ ማረፊያ አለው። ማን ነገረሽ?”

“ሰው ነግሮኝ ነው።”

“ቢላዋውንም ሰው ቢነግርሽ ምን ነበረበት?”

“ጥፋቴ ነው። ይቅር ይበሉኝ።”

“የደሴ ልጅ ነሽ አሉ።”

“አዎ።”

“እንግዲያስ ያንቺ ጥፋት ከሌላው ሰው ይብሳል።”

“ይብሳል፣ እማማ።”

ከኋላ የባሕሩ ይሁን የመንገዱ ድምፅ ይሰማል። “የንስሐ አባቴ ጋ ደውዬ ነበር” አሉ። “ሳታውቂ ነው፣ ስገጂና ተይው አሉኝ። ሰግጃለሁ። አንቺንም ይፍታሽ። ልጄ ዛሬ ከኔ ጋር ባሕር ዳር ሊሄድ ነው። እኔ ባሕሩን ገና ደህና አድርጌ አላየሁትም፤ ርቦኝ ነበር።”

የቀሩትን ቀናት ወይዘሮ አስካለ በማማ ራሔል ወጥ ቤት አበሰሉ፤ ዘበኛው ለእሱ የተለየ ድስት ይዞ እየመጣ ሽሮ ይቀዳለት ነበር። በመጨረሻው ቀን የበሉት እዚያው ነው። ታደሰን ከአውሮፕላን እንደወረደ ጠይቄዋለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሰው ሙሉነህ ብቻውን እንደሠራኝ እንዳያስብ ነው። የሠሩኝ ሌሎች ናቸው። ሚስተር ሺራዝ ከዚያ በኋላ አራት ክረምት ኖሩ። ሲሞቱ ልጃቸው ጠርታ ከመሳቢያቸው አንድ እሽግ እርሳስ ሰጠችኝ፤ “ለታች ቤቷ ሆቴል ሠራተኛ” የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ማማ ራሔል በስልክ የነገረችኝ አንድም ነገር ውሸት ሆኖ አልተገኘም። ወይዘሮ አስካለ ለአራት ዓመት በየጥምቀቱ በርበሬ ላኩልኝ፤ ከዚያ መምጣቱ አቆመ፣ ምክንያቱንም ታደሰ መጥቶ ነገረኝ። እነዚህን ሰዎች አመሰግናለሁ። ሙሉነህንም ስለ ወንበሩ አመሰግነዋለሁ። ስለ ሳቁ ግን ይቅር አላልኩትም፤ እንድል የጠየቀኝም የለም፣ እሱንም ጨምሮ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ይህ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ሥራውን ለቀቅኩ። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። በዳንፎርዝ ወደ ምዕራብ ወርጄ አንዲት ግሪካዊት አሮጊት ቢሮ ገባሁ። “ኤክስፒሪየንስ አለሽ?” ስትለኝ፣ “ሞምባሳን አውቃለሁ፤ ሄጄ ግን አላውቅም” አልኳት። “እኔም ከመጣሁ ወዲህ አቴንስን አላየሁም፤ ተቀመጪ” አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አስቀድሜ አለመሄዴን ነገርኩ። ጥቂቶቹ ተነሥተው ሄዱ። የቀሩት አሥራ ሦስት ዓመት አቆዩኝ። አራተኛውን ጥያቄ፣ “የሚያርደው ማነው?” የሚለውን፣ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት፤ እሱን ብቻ በእስክሪብቶ።

ባለፈው ሰኔ ግሪካዊቷ ቢሮዋን ዘጋች፤ ሰው ሁሉ በስልኩ ቡክ ያደርጋል። በነሐሴ ሞምባሳ ሄድኩ። ማማ ራሔል አርጅታለች፤ አሁን የምትሠራው እሑድ እሑድ ነው፤ ለኔ ብላ ሐሙስ መጣች። ዓሣውን ከቀትር በፊት አዘዝኩ። ካሳቫውን ቆሜ በላሁ። በግራ በኩል ባለው አልጋ ተኛሁ፤ ነፋሱ በዚያ ነው። ደረጃውን ስወጣ ቆጠርኩት፤ አሥራ ዘጠኝ ነው። ማማ ራሔል፣ “የመጨረሻዋን ደፍ ናት ብዬ አልቆጠርኳትም ነበር” አለች። ማረፊያው ላይ ተቀምጬ ደብተሩን አወጣሁ። ስምንቱን አጥፍቼ ዘጠኝ ጻፍኩ፤ በእርሳስ።